አድቫይዘር መምህራንን በሁለት ጠዋት እንዴት እናሠልጥን?

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አድቫይዘር (የተማሪዎች የትምህርት አማካሪ) የሚባለው መምህር በምዝገባ ሰሞን ስሊፕ ላይ የሚፈርም ሰው ነው። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ስሙ ከ40 ተማሪዎች ዝርዝር በላይ ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚጠበቅበት የነገረው የለም። ኤችዲፒ የሚባለውን የመምህራን የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና ቢወስድም እዚያ ክብደቱ ማስተማርና ምዘና ላይ ነው። የሚከተለው ሥልጠና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና ለጥራት ማረጋገጫ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አበል የሚጠይቅ አዳራሽም ሆነ የውጭ አሠልጣኝ አያስፈልገውም።

ጊዜው ከምዝገባ ሁለት ሳምንት በፊት ይሁን። ክረምት ላይ የተሰጠ ሥልጠና ጥቅምት ሲደርስ ተረስቷል። ሁለት ጠዋት፣ ከ2:30 እስከ 6:30፣ ይበቃል። ሠልጣኞቹን ከ18 እስከ 24 አድርጓቸው፤ በሦስት የሚካፈል ቁጥር የተመረጠበት ምክንያት ሁለተኛው ቀን ላይ ይታያል።

ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አራት ነገር ኮፒ አድርጉ፦ ከሴኔት ሌጅስሌሽኑ (ከዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ) ስለ ምዝገባ፣ ስለ አካዳሚክ ስታተስ (ተማሪው በውጤቱ ስለሚገኝበት ደረጃ)፣ ስለ ዊዝድሮዋልና ሪአድሚሽን (ትምህርት አቋርጦ ስለመውጣትና ተመልሶ ስለመግባት) የሚናገሩትን ገጾች ብቻ፤ የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝር ከነ ፕሪሪኩዚቱ (አስቀድሞ መታለፍ ካለበት ኮርስ ጋር)፤ የዓመቱን አካዳሚክ ካላንደር፤ ሦስት የግሬድ ሪፖርት። ሪፖርቶቹ የእውነተኛ ተማሪ አይሁኑ። ስሙን መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ 35 ተማሪ ባለበት ባች ውስጥ የትኛው ኮርስ ላይ ኤፍ እንዳለ ብቻ አይቶ መምህሩ ልጁን ያውቀዋል። ራሳችሁ ፍጠሯቸው።

የመጀመሪያው ጠዋት ለደንብና ለስሌት ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ከሬጅስትራር ሰው ጋብዞ ሌጅስሌሽኑን ከአንቀጽ 1 ጀምሮ ማስነበብ ነው። በ20ኛው ደቂቃ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። ተገላቢጦሹን አድርጉ፤ መጀመሪያ የግሬድ ሪፖርቱን ስጡና “ይህች ተማሪ በሚቀጥለው ሴሚስተር ትመዘገባለች? በምን ሁኔታ? የትኛው አንቀጽ ይላል?” ብላችሁ ጠይቁ። አንቀጹን ራሳቸው ይፈልጉት። የሬጅስትራሩ ሰው የሚናገረው መልሶቹ ሲለያዩ ብቻ ነው፤ መለያየታቸው ደግሞ አይቀርም።

አንዱን ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራው። ተማሪዋ በአንደኛ ሴሚስተር እያንዳንዳቸው 5 ክሬዲት የሆኑ ስድስት ኮርሶች ወስዳ አንድ ሲ ፕላስ፣ አራት ሲ እና አንድ ኤፍ አግኝታለች። ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ኤፍ 0 ሆኖ በክሬዲቱ ሲባዛ 12.5 ሲደመር 40፣ 52.5 ነጥብ ነው፤ ለ30 ሲካፈል 1.75 ይሆናል። በሁለተኛው ሴሚስተር ሌላ 30 አዲስ ክሬዲት ብትወስድና ሲጂፒኤዋን (የሁሉንም ሴሚስተር አማካይ ነጥቧን) 2.00 ማድረስ ብትፈልግ ከ60 ክሬዲት 120 ነጥብ ያስፈልጋታል፤ የጎደላት 67.5 ስለሆነ የሴሚስተሯ ጂፒኤ 2.25 መድረስ አለበት። አሁን ከስድስቱ አንዱ የወደቀችበት ኮርስ ይሁንና በሲ ትለፈው። አዲሱ ግሬድ አሮጌውን በሚተካበት ዩኒቨርሲቲ የሚቆጠረው 55 ክሬዲት ነው፤ የሚፈለገው 110 ነጥብ፣ በእጇ ያለው 62.5፣ የሚቀረው 47.5። ለ25 አዲስ ክሬዲት ስናካፍለው 1.90 ይመጣል። ከ2.25 ወደ 1.90 ማለት ነው፤ ሲ እና ሲ ፕላስ ለምታገኝ ልጅ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሠልጣኞች በዚህ ሲደሰቱ “ኮርሱ በሁለተኛ ሴሚስተር ይሰጣል ወይ?” ብላችሁ አቁሟቸው። ብዙ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሳያጣራ “ትደግሚዋለሽ” ያለ አድቫይዘር ተማሪዋን ባልተከፈተ በር ላይ አቁሟታል።

ቀጥሎ በትልቅ ወረቀት ላይ የፕሪሪኩዚት ሰንሰለቱን በቀስት ያስሉ። የሁለተኛ ዓመት አንድ ኮርስ ሲወድቅ ስንት ኮርስ ተከትሎት እንደሚቆም በዓይናቸው ይዩት። አንዳንዱ ኤፍ ምንም አያስቆምም፤ አንዳንዱ ምርቃትን አንድ ዓመት ያስረዝማል። ይህን የማያውቅ አማካሪ ሁለቱንም ተማሪ እኩል ነው የሚያስደነግጠው ወይም እኩል የሚያጽናናው።

ለፍሬሽማንና ለተመራቂ ዓመት አድቫይዘሮች ለየብቻ ግማሽ ሰዓት መድቡ። የፍሬሽማን ኮርሶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተመለሱ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት የዲፓርትመንት ምደባን ይነካል፤ አማካሪው የግቢውን የምደባ መስፈርት በጽሑፍ ይያዝ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 2.00 ይዞ መጨረስ ብቻውን ዲግሪ አያስገኝም፤ የመውጫ ፈተናው ላይ 50 ከመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛ ዓመት ላይ በዲ የታለፈ ዋና ኮርስ የተዘጋ ጉዳይ አይደለም፤ ከፈተናው ወራት በፊት ተመልሶ ሊጠና የሚገባው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጠዋት ለንግግሩ ነው፤ በእኛ ግምት ዋናው ይህ ነው። ደንብ ከወረቀት ይነበባል፤ ተማሪን ማናገር ግን በልምምድ ብቻ ይመጣል። “ችግር አለ?” ብሎ የጠየቀ መምህር “ኧረ የለም፣ ቲቸር” ተብሎ ይሸኛል። “ባለፈው ሳምንት ብዙ ሰዓት የወሰደብሽ የትኛው ኮርስ ነው?” ወይም “ሚዱ ሲመለስ የትኛው ጥያቄ ላይ ነበር ነጥብ የሄደብህ?” ሲባል ግን የሚመልሰው ነገር ያገኛል።

ሠልጣኞቹን በሦስት በሦስት ክፈሏቸው፦ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ አድቫይዘር፣ አንዱ ታዛቢ። ስድስት ደቂቃ ይነጋገሩ፣ አራት ደቂቃ አስተያየት፣ ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ። ተማሪ የሚሆነው ሰው ካርድ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ፦ “ሁለተኛ ዓመት ነሽ። የጠዋት ክላስ ትቀሪያለሽ፤ ማታ ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምትሠሪ ነው። ሁለቴ ካልተጠየቅሽ አትናገሪ።” ታዛቢው ሰዓት ይዞ አድቫይዘሩ የመጀመሪያውን ምክር የሰጠበትን ሰከንድ ይጻፍ። በመጀመሪያው ዙር ብዙዎች አንድ ደቂቃ ሳይሞላ “ጠንክረሽ አጥኚ” ብለው ጨርሰዋል። በሦስተኛው ዙር ሦስት ደቂቃ ቢደርሱ ጥሩ ነው። ዝም ብሎ አምስት ሰከንድ መጠበቅንም አለማምዷቸው፤ መምህር ዝምታ አይወድም።

ከዚህ ቀጥሎ ገደብ ይነገራቸው። “ለማንም አልናገርም” ብለው ቃል አይግቡ፤ በሕይወት ላይ አደጋ ካለ መናገር ግድ ነውና ይህንኑ አስቀድመው ይንገሩት። የጾታዊ ትንኮሳ አቤቱታ ሲመጣ አድቫይዘር ግራ ቀኝ አይመረምርም፣ አያስታርቅም፤ ሰምቶ ወደ ሥርዓተ ጾታ ቢሮው ያገናኛል። ማገናኘት ስንል “እዚያ ሂጂ” ማለት አይደለም፤ ተማሪዋ እያለች ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ነው። የሬጅስትራር፣ የክሊኒክ፣ የምክር አገልግሎት፣ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍና የተማሪዎች ዲን ቢሮ ቁጥርና ስልክ በአንድ ገጽ ይታተም፤ ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱን ስልክ ደውላችሁ ሞክሩ። ግማሹ የሠራተኛ የግል ቁጥር ሆኖ፣ ሰውየውም ከተዛወረ ቆይቶ ታገኙታላችሁ።

ማስታወሻ አራት መስመር ነው፦ ቀን፣ ጉዳይ፣ የተስማማንበት፣ የምንገናኝበት ቀን። የበሽታና የቤተሰብ ምሥጢር አይጻፍበት። ግሬድም በቴሌግራም ግሩፕ አይላክ።

ሰዓት ካልተመደበ ግን ይህ ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። 40 ተማሪ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ቢሰጠው 10 ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሮ በር ላይ ከተለጠፈ በአምስት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ሲጂፒኤያቸው ከ2.00 በታች የሆኑትና ማስጠንቀቂያ ያለባቸው መጀመሪያ ይጠሩ፤ እነሱ ራሳቸው አይመጡም።

ከሥልጠናው በኋላ ለአንድ አንድ ሰዓት ሦስት ጊዜ ተገናኙ፦ ምዝገባ እንዳለቀ፣ ሚድ እንደተመለሰና የዊዝድሮዋል ቀነ ገደብ ሊያልፍ አንድ ሳምንት ሲቀረው። ሦስተኛው እንዳይዘለል። ፎርም ሳይሞላ ግቢውን ጥሎ የሄደ ተማሪ ለመመለስ ሲል ብዙ በር ያንኳኳል፤ በጊዜው ሞልቶ የወጣው ግን ሪአድሚሽን የሚጠይቅበት ወረቀት በእጁ አለ። በየስብሰባው እያንዳንዱ አድቫይዘር አንድ የከበደውን ጉዳይ ስም ሳይጠራ ያቅርብ።

ሥልጠናው መሥራቱን በ“ወደዳችሁት?” መጠይቅ አትለኩ። ከወር በኋላ አንድ አዲስ የግሬድ ሪፖርት ስጧቸውና ስሌቱን ምን ያህሉ በትክክል እንደሠሩት ቁጠሩ፤ ከእያንዳንዱ አድቫይዘር አምስት ማስታወሻ አውጥታችሁም አራተኛው መስመር ላይ ቀን መኖሩንና ተማሪው በዚያ ቀን መምጣቱን እዩ። ሰርተፊኬቱን የምትሰጡት ከዚህ በኋላ ነው።