አለቀሰ ብሎ መርሳት፦ ታፍኖ የተወለደን ጨቅላ አንጎል ስለመጠበቅ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በጎንደርና በዙሪያዋ ምጥ በተያዘባት ቤት የተሰበሰቡ ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ የሚጠብቁት አንድ ድምፅ ነው። ጨቅላው ሲያለቅስ እልልታው ይቀልጣል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፤ የገንፎው ውኃ ይጣዳል። ድምፁ ዘግይቶ ቢመጣም፣ እስከ መጣ ድረስ፣ የዘገየበትን ደቂቃ የሚያስታውስ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በወሊድ ጊዜ ኦክስጅን ያጠረውን ሕፃን አንጎል ከጉዳት ለመጠበቅ ባለፉት አርባ ዓመታት የተካሄደው ምርምር ግን ከሁሉ አብልጦ ያስተማረን ስለ ጊዜ ነው፤ ቤተሰብም፣ ተማሪም፣ ባለሙያም ከሚሳሳቱባቸው ነገሮች አብዛኞቹ የጊዜ ስህተቶች ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨቅላው ስላለቀሰ አደጋው አልፏል ማለት

በ1980ዎቹ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኦስመንድ ሬይኖልድስ የተመራው ቡድን ታፍነው የተወለዱ ሕፃናትን አንጎል በመግነጢሳዊ መሣሪያ እየመረመረ፣ ሴሎች ኃይል የሚያከማቹባቸውን የፎስፈረስ ውሁዶች መጠን ይለካ ነበር። ያገኘው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር፤ ብዙዎቹ ሕፃናት በመጀመሪያው ቀን የነበራቸው የኃይል መጠን ከጤነኛ ሕፃን የማይለይ ሲሆን፣ በተከታዮቹ ቀናት ግን መጠኑ እያሽቆለቆለ ሄደ፤ ይበልጥ ያሽቆለቆለባቸውም በኋላ የባሰ ጉዳት የታየባቸው ሆኑ። ከዚህ የተገኘው ግንዛቤ ጉዳቱ በሁለት ማዕበል እንደሚመጣ ነው። ኦክስጅን ሲቋረጥ የአንጎል ሴሎች ስንቃቸውን ይጨርሳሉ፤ ትንፋሽና ደም ሲመለስ አብዛኞቹ ያገግማሉ፤ ከዚያም ለስድስት ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጸጥታ ይሆናል። ሁለተኛው ማዕበል የሚነሣው ከጸጥታው በኋላ ነው፤ የሴሉ የኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ይወድቃል፣ አንጎል ያብጣል፣ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሴሎችም ይሞታሉ።

እንግዲህ ለቅሶው የሚያበስረው የመጀመሪያውን ማዕበል ማለፍ ብቻ ነው። ዘግይቶ ያለቀሰ ሕፃን ጡት አልስብ ሲል፣ ሲዝለፈለፍ ወይም ሲገተር፣ ቀጭንና የማያቋርጥ ጩኸት ሲያሰማ፣ ዓይኑን ወደ አንድ ወገን ሲተክል፣ ከንፈሩን እንደሚያላምጥ ሲያንቀሳቅስ፣ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ሲያወራጭ «ምጡ አድክሞት ነው፣ ይተኛ» ማለት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። የጨቅላ መንቀጥቀጥ የአዋቂውን ሰው ያህል ጎልቶ ስለማይታይ፣ ከንፈር ማላመጡን ብቻ ያየች አያት ብትሥቅለት አይፈረድባትም፤ ሰዓቱ ግን ይሄዳል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን፣ አምቡላንስ ለመጥራትና ለመጠበቅ የሚወስደውንም ጊዜ ለሚያውቅ ሰው፣ ስድስት ሰዓት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

የመጀመሪያዋን ደቂቃ በጥፊና በቀዝቃዛ ውኃ ማሳለፍ

ያልተነፈሰን ጨቅላ ዘቅዝቆ መያዝ፣ ቂጡን መጥፋት፣ ፊቱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መርጨት ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። ጥፊው ይጎዳል፤ ውኃው ደግሞ የቀረችውን ጥቂት ኃይል ሙቀት ለመጠበቅ እንዲያባክን ያደርገዋል። ተገቢው ነገር በደረቅ ጨርቅ አጥብቆ ማድረቅ፣ እርጥቡን ጨርቅ ማንሣት፣ ጀርባውን ማሸት፣ አሁንም ካልተነፈሰ እንግዴ ልጁ እስኪወጣ ሳይጠብቁ አንደኛው ደቂቃ ከማለቁ በፊት በአምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚገፋ ከረጢት፣ እና በጭንብል አየር መስጠት ነው። ከ2010 ጀምሮ በብዙ አገሮች የተስፋፋው የአዋላጆች ሥልጠና ይህችን ደቂቃ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ይላታል። ባለሙያዎችም የራሳችን የሆነ ስህተት አለን፤ አፍና አፍንጫው ባልታፈነ ሕፃን ላይ መምጠጫውን ደጋግመን እየከተትን ደቂቃዋን እንጨርሳለን፤ ይባስ ብሎ የጉሮሮ መነካካት ራሱ የልብ ምትን ሊያዘገይ ይችላል።

አምቡ ባግ በሌለበት ቤት ይህ ሁሉ የማይሆን ነው። በ2019 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተወለዱት 48 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 33ቱም የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር።

«የጎደለው ኦክስጅን ነውና ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጠው»

ይህ ስህተት ለጆሮ እውነት ስለሚመስል ለረጅም ዘመን በመማሪያ መጻሕፍት ጭምር ኖሯል። ኖርዌያዊው ኦላ ዲድሪክ ሳውግስታድና ባልደረቦቹ በ1998 ባሳተሙት በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ በተለመደው አየር የተረዱት ሕፃናት በንጹሕ ኦክስጅን ከተረዱት ያነሰ ውጤት እንዳላገኙ አሳዩ፤ በኋላ ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲደመሩ እንዲያውም በአየር የተረዱት ሞት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ተርቦ የቆየ ሴል በድንገት በኦክስጅን ሲጥለቀለቅ የሚፈጠሩት ጎጂ ሞለኪውሎች ራሳቸው ያቆስሉታል። ስለዚህ ዓለም አቀፉ መመሪያ ከ2010 ጀምሮ ጊዜው ደርሶ የተወለደ ሕፃን በአየር እንዲጀመርለት ያዛል። ለተማሪዎቻችን የምጨምረው አንድ ነገር አለ፤ ጤነኛ ጨቅላም እንኳ የደሙ የኦክስጅን ሙሌት ከ90 በመቶ በላይ እስኪደርስ እስከ አሥር ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል፤ ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በባሕር ዳርቻ ከተሞች የተለካን ሠንጠረዥ እንዳለ እዚህ አምጥቶ መሣሪያው ላይ የሚታየውን ቁጥር ማሳደድ አይገባም።

ማቀዝቀዝ ያድናል ሲባል ሰምቶ ማቀዝቀዝ

በጸጥታው ሰዓታት ውስጥ የሕፃኑን ሙቀት ዝቅ ማድረግ ሁለተኛውን ማዕበል እንደሚያበርድ በመጀመሪያ በእንስሳት ላይ፣ በኋላም በሕፃናት ላይ ታይቷል። በ2005 የታተሙት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ አንደኛው ጭንቅላትን በቆብ፣ ሁለተኛው መላ ሰውነትን በማቀዝቀዝ፣ መንገዱን ከፈቱ፤ በ2013 የ11 ጥናቶችና የ1505 ሕፃናት ውጤት ተጠቃሎ ሲታይ፣ በአማካይ ሰባት ሕፃናት ሲታከሙ አንዱ ከሞት ወይም ከከባድ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ይተርፋል። ሕክምናው ግን ከቃሉ እጅግ የጠበበ ነው። ጊዜያቸው ደርሶ ለተወለዱና መካከለኛ ወይም ከባድ የአንጎል ጉዳት ምልክት ላሳዩ ብቻ ነው፤ በስድስት ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፤ ሙቀቱ በ33 እና በ34 ዲግሪ መካከል ለ72 ሰዓታት ይጠበቃል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ትንፋሹ፣ የደም ግፊቱ፣ የደም መርጋቱና መንቀጥቀጡ ያለማቋረጥ ይጠበቃሉ። መስኮት ከፍቶ ሕፃኑን ራቁቱን ማስተኛት ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ከዚህ የረቀቀው ስህተት የባለሙያው ነው፤ በለንደንና በአሜሪካ የተረጋገጠ ሕክምና በእኛም ዘንድ እንደተረጋገጠ መቁጠር። በ2021 ውጤቱ የታተመው ሄሊክስ የተባለው ጥናት በሕንድ፣ በስሪ ላንካና በባንግላዴሽ በሚገኙ ሰባት የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች 408 ሕፃናትን መዝግቦ ነበር፤ ከቀዘቀዙት 42 በመቶ፣ ካልቀዘቀዙት 31 በመቶ ሞቱ። ክፍሎቹ ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ያሉና የማቀዝቀዣ መሣሪያ የተሟላላቸው ነበሩ፤ ስለዚህ «የመሣሪያ ጉድለት ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ እነዚያ ሕፃናት ወደ ሆስፒታል የደረሱት ጉዳቱ ከስድስት ሰዓት በፊት፣ በረጅሙ ምጥ ሂደት ውስጥ፣ ከተፈጸመ በኋላ ነው የሚል ነው፤ ተመራማሪዎቹ ገና ይከራከራሉ። በእኔ አስተያየት ጎንደር በምጥ ርዝመትም፣ በመንገድ ርቀትም፣ ሕፃናቱ በሚመጡበት ሁኔታም ከለንደን ይልቅ ለሄሊክስ ሆስፒታሎች ትቀርባለች፤ ማቀዝቀዝ ለእኛ ከጥናት ውጭ ሊጀመር አይገባውም። ይህ ማለት ሕክምናው በሠራባቸው አገሮች ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ እዚያ ላይ ማስረጃው ጠንካራ ነው።

የተገላቢጦሹ ስህተት በእኛ ቤት ይበረታል። ብርድ ይመታዋል በሚል ፍራቻ ጨቅላውን በጋቢና በብርድ ልብስ ደራርቦ ጠቅልሎ ምድጃ አጠገብ ማስተኛት፣ አንጎሉ ለተጎዳ ሕፃን በጣም አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ ከመጠን በላይ ያለፈባቸው ሕፃናት የባሰ ውጤት እንደታየባቸው ጥናቶች አሳይተዋል። በቴርሞሜትር ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መካከል መጠበቅ በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚቻል፣ ርካሽ የአንጎል ጥበቃ ነው።

በአይጥና በበግ ላይ የሠራውን ለሕፃን እንደተረጋገጠ መቁጠር

ከማቀዝቀዝ በኋላ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ኤሪትሮፖይቲን ነበር፤ ደም ማነስን ለማከም የሚታወቀው ይህ ሆርሞን በእንስሳት አንጎል ላይ መልካም ውጤት አሳይቷል። በአሜሪካ 500 ያህል ሕፃናት ተሳትፈውበት በ2022 የታተመው ጥናት ግን፣ ማቀዝቀዝ ላይ ሲጨመር ሞትንም ሆነ ጉዳትን እንደማይቀንስ፣ እንዲያውም ከባድ የጎንዮሽ ችግሮችን እንደሚያበዛ አሳየ። ዜኖን የተባለው ጋዝም ተሞክሮ የተጠበቀውን አላስገኘም። «ማቀዝቀዝ ጥሩ ከሆነ ይበልጥና ይረዝም» ተብሎ እስከ 32 ዲግሪ ዝቅ በማድረግና እስከ 120 ሰዓት በማራዘም የተሞከረውም ጥቅም ባለማሳየቱ ተቋርጧል። የሰባት ቀን አይጥ ጉዳቱ የሚደርስበት ደቂቃ በተመራማሪው እጅ ነው፤ መድኃኒቱም በዚያው ሰዓት ይሰጠዋል። ከማክሰኝት ወይም ከአይከል ተልኮ ለመጣ ሕፃን ያቺን ደቂቃ ማንም አልመዘገባትም።

የአፕጋርን ቁጥር እንደ ፍርድ ማንበብ

አሜሪካዊቷ ሐኪም ቨርጂኒያ አፕጋር በ1953 ያሳተመችው፣ እንደተወለደ የጨቅላውን የልብ ምት፣ ትንፋሽና መሰል ምልክቶች ከዜሮ እስከ አሥር የሚመዝነው መለኪያ ሕፃኑ በዚያች ደቂቃ እርዳታ ያስፈልገው እንደሆነ ለመለየት የተሠራ ነው፤ ዝቅተኛ ቁጥር ብቻውን መታፈንን አያረጋግጥም፣ የነገውንም አእምሮ አይተነብይም። ያለጊዜው መወለድ ወይም እናት የወሰደችው ማደንዘዣ ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። በአገራችን ከሚሠሩት የመመረቂያ ጥናቶች ብዙዎቹ የአምስተኛ ደቂቃ አፕጋርን ከመዝገብ ለቅመው «የመታፈን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» ብለው ይደመድማሉ። እውነቱን ለመናገር ይህን ርዕስ ደግመን ደጋግመን ቆጥረነዋል፤ ሕፃናቱን ሁለት ዓመት የሚከተል ጥናት ግን ይጎድለናል። በ1954 የጤና ኮሌጅ ለተቋቋመባት ከተማ ይህ ከአቅም በላይ አይደለም።

በሌላ በኩል፣ የእንቅስቃሴ መዛባት ያለበትን ልጅ ሁሉ «አዋላጇ አበላሸችው» ማለትም ስህተት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሊትል በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጉዳቱን ከአስቸጋሪ ወሊድ ጋር ሲያያይዝ፣ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1897 አስቸጋሪው ወሊድ ራሱ ቀድሞ በማሕፀን የነበረ ችግር ምልክት ሊሆን እንደሚችል ተከራክሮ ነበር፤ ከዘመናት በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም በበለጸጉ አገሮች አብዛኛው የዚህ ዓይነት ጉዳት ከወሊድ መታፈን እንደማይመጣ አሳይተዋል።

ቅቤ ማዋጥ

ባጭሩ፦ በደንብ የማይውጥ ጨቅላ ቅቤ ወደ ሳንባው ይገባበታል። ታፍኖ የተወለደ ሕፃን የደም ስኳሩ ስለሚወርድ አንጎሉ ዳግመኛ ይራባል፤ የሚበጀው እንገሩ ነው፤ መሳብ ካቃተው ታልቦ በቱቦ ወይም ግሉኮስ በደም ሥር በጤና ተቋም ይሰጠዋል።

ክርስትናው እስኪያልፍ መጠበቅ

ከሆስፒታል የወጣ ሕፃን የዳነ ይመስላል። «ወንድ ነው፣ አርባው ይድረስ»፣ «ሴት ናት፣ ሰማንያዋ ይለፍ» እየተባለ ቀጠሮው ይረሳል። የማቀዝቀዝ ጥናቶቹ እንኳ ውጤታቸውን የመዘኑት አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹ 18 ወር ሲሞላቸው ነው፤ ቀላል የሚባለው ጉዳት ከዚያ በፊት ላይታይ ይችላል። የአንጎል ጉዳት ምልክት ያሳየ ልጅ በ45ኛው ቀን ለክትባት ሲሄድ ጤና ባለሙያው የጭንቅላቱን ዙሪያ በሜትር ይለካ፤ እናቱም በወሊድ ጊዜ ዘግይቶ ማልቀሱን ሳትጠየቅ ትንገር። በአራተኛ ወሩ አንገቱ ካልጸና፣ ጡጫውን እንደጨበጠ ከቀረ፣ ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ፊዚዮቴራፒ የሚጀመረው በዚያው ሳምንት ነው፤ «ወንድ ልጅ ሲሄድ ይዘገያል» የሚለውን የጎረቤት ማጽናኛ ሰምቶ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።