ጉሙ ከውጭ አልነበረም፦ የዳሽቦርድ ጌጅ ስናሳምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የስፖርት መኪና ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። አንዱ እኔ ነኝ። ያውም አሮጌ ባለ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ከተመረተው የመጨረሻው ትውልድ። ፒያሳ ባቆምኳት ቁጥር ልጆች ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው "ስንት ትሄዳለች?" ይላሉ። የሚያዩት ጌጁን ነው። እኔም ጌጁን ላሳምር ብዬ የተነሳሁት ከዚያ ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በፍጥነት መለኪያው፣ በአርፒኤሙ (የሞተር ዙር መለኪያው) እና በነዳጁ ጌጅ ዙሪያ ብርማ ቀለበት መግጠም። ቀለበቱ ራሱ ችግር የለበትም። ጣጣው እሱ ጋ ለመድረስ የሚፈታው ነገር ነው።

ሳይለኩ ማዘዝ

ሰው "የሴሊካ ቀለበት" ብሎ ያዝዛል፣ ዕቃው ሲመጣ አይገጥምም። የአንድ መኪና ጌጅ እንደ ምርት ዘመኑና እንደተሠራበት ገበያ ሊለያይ ይችላል። ስፋቱን በካሊፐር (መንጋጋ ባለው ረቂቅ መለኪያ) ለኩ እንጂ በማስመሪያ አትመኑ። ውፍረቱንም አትርሱ። መርፌዋ ከቁጥሮቹ በላይ ነው የምትዞረው፤ ቀለበቱ ወደ ውስጥ ከገፋ ጫፏን ይይዛታል። የቁጥሩን ገጽ ጭምር የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ማይል ይሁን ኪሎ ሜትር አጣሩ። በማይል 60 ማለት በኪሎ ሜትር 97 ገደማ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት እየወረዱ ይህን መሳት ቀልድ አይደለም።

ባትሪ ሳይነቅሉ መጀመር

"ቀለበት ብቻ እኮ ነው" ይባላል። አጠገቡ ግን ኤርባግ አለ። የባትሪውን ነጋቲቭ ንቀሉና ጠብቁ። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፤ ሲስተሙ የራሱ መጠባበቂያ ኃይል ስላለው ነው። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው፣ እጃችሁን ሰብስቡ። መሪ ማውለቅም አያስፈልግም። እኔ ዝቅ አድርጌው በቅቶኛል።

በጠዋት ብርድ መፈልቀቅ

ይህ የደሴ ሰው ስህተት ነው። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ የኅዳርን ጠዋት ለእናንተ አልነግርም። ያረጀ ፕላስቲክ ብርድ ሲይዘው ይደርቃል። በካቻቪቴ ስትፈለቅቁት ማያያዣ ጥርሱ ቀጭ ይላል። ያን ድምፅ አንዴ የሰማ አይረሳውም። መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁሙ፣ ትሙቅ። በካቻቪቴ ፋንታ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ተጠቀሙ። ከሌለ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ይሠራል።

ቀለበቱን የምናጣብቅበት፣ በሁለቱም ገጹ የሚለጠፈው ፕላስተርም ብርድ አይወድም። የጠንካራ ፕላስተር አምራቾች ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይለጠፍ ይመክራሉ። ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘውም 72 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ እኔ አሁን እንዲህ ያለ ሥራ ሲኖረኝ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር። ዘመድ መጠየቂያም ይሆናል።

ሱፐር ግሉ

ይህችን የተማርኩት በራሴ መኪና ላይ ነው። መጀመሪያ ቀለበቱን የገጠምኩት በሱፐር ግሉ ነበር። አራት ጠብታ፣ ጫን አደረግሁ፣ ያዘ። ወዲያው ጥርት ያለውን የጌጁን ሽፋን መልሼ አሰርኩ። ማታ እያበራሁ እያጠፋሁ ሳያት አመሸሁ።

በነጋታው ጌጁ ላይ ጉም ነበረ። ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራ ጉም ለለመደ ሰው ምን ይገርመዋል? በእጄ ጠረግሁት፣ አልሄደም። ማሞቂያ ከፈትኩ፣ አልሄደም። ለካ ከውስጥ ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ትነት ይለቃል። ትነቱ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነጭ ብናኝ ሆኖ ቅርብ ባገኘው ነገር ላይ ያርፋል። እኔ ደግሞ በሽፋን ዘግቼበታለሁ፤ የት ይሂድ?

ሰፈር ያለ አንድ መካኒክ አሳየሁት። "አብሽር፣ በአሴቶን ይለቃል" አለኝ። እኔም አመንኩ። ነጩ ለቀቀ፤ የሽፋኑ ፕላስቲክ ግን አብሮ ደበዘዘ፣ የሸረሪት ድር በመሰለ ስንጥቅ ተሞላ። እሱን አልወቅስም፣ ጠርሙሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሴቶንም ሆነ ቲነር ጥርት ያለ ፕላስቲክ አጠገብ አይደርስም። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ሶፍትም ይጭራል።

መርፌዋን መንካት

አትንኳት። ከቦታዋ ከተነቀለች በኋላ "በግምት እንመልሳታለን" የሚል ሰው አይጠፋም። በግምት የተመለሰች መርፌ የምትነግራችሁ ፍጥነት ግምት ነው።

የሚያብለጨልጨውን መምረጥ

እዚህ ላይ የማይስማሙኝ ብዙ ናቸው። ክሮም ቆሞ ሲያዩት ያምራል። ጠዋት ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ግን ብልጭታው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴም የፊት መስታወቱ ላይ ይታያል። ሐረጎ ደግሞ ዓይን የሚጨፈንበት ቦታ አይደለም። ደብዘዝ ያለ ብርማ ወይም ጥቁር ግራጫ ውሰዱ። ለፎቶ አይመችም፣ ለሹፌር ይመቻል።

ሳይፈትሹ ማሰር

ቪቴዎቹን ከማጥበቃችሁ በፊት ሶኬቶቹን ሰክታችሁ፣ ባትሪውን መልሳችሁ ቁልፉን አዙሩ፤ ሞተር አታስነሱ። የዘይት፣ የባትሪ፣ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና የኤርባግ መብራቶች መጀመሪያ መብራት አለባቸው። የኤርባጉና የኤቢኤሱ ጥቂት ቆይተው ይጠፋሉ። የዘይቱና የባትሪው የሚጠፉት ሞተሩ ሲነሳ ነው። ሰው የሚፈራው አልጠፋ ያለውን መብራት ብቻ ነው። ጭራሽ ያልበራውም እኩል ያሳስባል፤ ዘይት ቢያልቅ ማን ይናገራል?

የእኔዋ የዘይት መብራት አልበራችም ነበር። አንዱን ሶኬት ግማሽ ድረስ ነው የሰካሁት። እኔ ደግሞ ቪቴዎቹን በሙሉ አጥብቄ፣ ዕቃዬን ሰብስቤ፣ እጄን ታጥቤ ነበር። እንደገና ፈታሁ።