ጠንካራ ማግኔት ለዓሣ ገንዳ፦ መስታወቱ ሳይጫር፣ ጣትም ሳይቆነጠጥ

ድሬ ዳዋ ውስጥ አኳሪየም ካላችሁ አልጌ እንግዳ አይሆንባችሁም። ፀሐይ ሞልቷል፣ ውሃው ሁሌ ሞቅ ያለ ነው፣ መስታወቱ ቶሎ አረንጓዴ ይለብሳል። ሐረር ያላችሁ ከፍታው ስለሚያቀዘቅዝላችሁ ትንሽ ታርፋላችሁ፤ ገንዳውን መስኮት ስር ካስቀመጣችሁት ግን ያው ናችሁ።

እጅን እስከ ክርን ከመንከር የሚገላግለው የማግኔት ማጽጃ ነው። አንዱ ቁራጭ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ይሆናል፤ የውጪውን ስትገፉት የውስጡ ይከተላል። ጠንካሮቹ የሚሠሩት ኒዮዲሚየም ከሚባል ብረት ጋር ተቀላቅለው ነው፣ እሱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ስትገዙ መጀመሪያ የመስታወታችሁን ውፍረት እወቁ። ማስመሪያ ያዙና ከላይ ጠርዙ ላይ ለኩ፣ 5 ነው፣ 6 ነው፣ ወይስ 10 ሚሊሜትር? አብዛኛው ማሸጊያ እስከ ስንት ሚሊሜትር እንደሚሠራ ይጽፋል። የማግኔት ጉልበት ርቀት ሲጨምር በጣም ቶሎ ስለሚቀንስ፣ ለ6 የተሠራው 12 ላይ መንገድ ላይ ይወድቅባችኋል። ለወፍራም የተሠራውን ቀጭን ላይ ብትለጥፉት ደግሞ አጥብቆ ይይዝና እሱን ማንቀሳቀስ ትግል ነው። «ዝም ብለህ ትልቁን ስጠኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። አቦ ተው፣ ለቤት ገንዳ ልኩ ይበቃል! ገንዳችሁ አክሪሊክ፣ ማለትም መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ ከሆነ ምላጭ ያለውን ማጽጃ ጭራሽ አታስጠጉ፤ ለአክሪሊክ የተሠራ ለስላሳ ጨርቅ ያለው ብቻ።

ከተበላሸ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ማግኔት ፈልቅቆ በስፖንጅ የሚጠቀልልም አለ። ጉልበቱ አይታማም። ግን የኒኬል ቅቡ አንዴ ከተጫረ ውሃ ውስጥ ይዝጋል፤ እኔ አልመክርም።

አሁን ወደ ሥራው። የውስጠኛውን ቁራጭ በገንዳው ውሃ አርጥቡትና ፊቱን በጣት ዳብሱት፣ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ካለች ይሰማችኋል፣ እጠቡት። ከዚያ ከላይ በኩል ውስጥ አስገብታችሁ መስታወቱ ላይ ያዙት። የውጪውን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ በአንድ ጠርዙ ዘንበል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አስጠጉት። ጣት መሃል እንዳይገባ፤ ከለቀቃችሁት ጧ ብሎ ነው የሚጋጠመው፣ ቀጭን መስታወትም ሊሰነጥቅ ይችላል። ስታላቅቁም እንደዚያው ነው፦ ሁለቱንም ወደ ላይ ስባችሁ የውስጡን በአንድ እጅ ያዙ፣ የውጪውን በጠርዙ አንሱት።

ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብላችሁ ቀስ በቀስ ሂዱ፣ አሸዋው ጋ ሊደርስ ሁለት ጣት ሲቀረው ቁሙ። መስታወት የሚጫረው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከመስታወት ይጠነክራል፣ ከደቻቱ ወንዝ የታፈሰም ሆነ ከሱቅ የተገዛ ለውጥ የለውም፤ አንዲት ፍሬ ማግኔቱ ስር ከገባች ሳታዩት ረጅም መስመር ትስላለች፣ ያ መስመር ደግሞ አይጠፋም። «ክርርር» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እዚያው ቁሙ፣ አውጥታችሁ እጠቡት። ጥጉ ላይ መስታወቶቹን ያጣበቀውን ሲሊኮን ምላጭ ይቆርጠዋልና ራቁት። ቀንድ አውጣ ካላችሁም ከመንገድ ላይ አንሱት።

የውስጡ ቢወድቅባችሁ በውጪው ማግኔት ከአሸዋው ላይ ልስብ አትበሉ፣ አሸዋውን ይዞ ነው የሚመጣው። ማሞቂያውንና ፊልተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ በእጅ አውጡት። ቀድሞ ክር ያሰረበት ሰው እጁን ሳይነክር ይስበዋል።

ውሃው ጫፍ ላይ የሚጋገረውን ነጭ መስመር ማግኔት አይነካውም፣ በጉልበት አትሞክሩ። የድሬ ውሃ ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የምታዩት ቅርፊት ነው እዚህም ያለው። ውሃውን ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ አቼቶ በውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ያዙበት፣ ወደ ውስጥ ሳይንጠባጠብ ጥረጉ፣ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ድገሙት። ሳሙና የሚባል ነገር አይግባ።

ስለ ማጉያው ደግሞ። በማግኔት መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ አጉሊ መነጽር ለብዙ ሰው መጫወቻ ይመስላል፣ እኔ ግን ከማጽጃው እኩል አየዋለሁ። ዓሣው ክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሦስት ነጥብ ሳለ ማየትና ገላውን ሲሸፍን ማየት አንድ አይደለም። የክንፍ ጫፍ መበላት፣ የመተንፈሻውን (የስንጥቡን) ክዳን ቶሎ ቶሎ መክፈት፣ ቅጠል ላይ የተጣበቀ እንቁላል፣ ሁሉም ይታያል። መጀመሪያ መስታወቱን በሁለቱም በኩል አጽዱ፣ የክፍሉን መብራት አጥፍታችሁ የገንዳውን ብቻ ተዉ፣ ዓሣው ለምዶት እስኪጠጋ ታገሡ። ስትጨርሱ አንሱት፤ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ የተረሳ አጉሊ መነጽር ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ መጋረጃ ሊያቃጥል ይችላል። የድሬን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ።

ሁለቱን ቁራጮች በንጹህ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ መሃላቸው ወፍራም ካርቶን አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከኤቲኤም ካርድም አርቁ። ቤት ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ካለ ወደ ደረቱ አይቅረብ። ሽፋኑ ተሰንጥቆ ቡናማ ነገር ከወጣው ጣሉት። ከሁሉ በላይ ከልጆች አርቁት። ተሰብሮ ትንንሽ ማግኔት ቢወጣውና ልጅ ከአንድ በላይ ቢውጥ አንጀት ውስጥ እርስ በርስ ተሳስበው ሊበሱት ይችላሉ፤ እስኪወጣ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።