ስድስት ኪሎ ከስድስት ኪሎ፦ ቦርሳ አዝሎ የመራመድን ልማድ ለማጽናት

ክብደት ያለው የጀርባ ቦርሳ አዝለው መራመድ ከሚጀምሩ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያቆሙት ወኔ አንሷቸው ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ከሚገባው በላይ ስለሚሸከሙ ነው። እኔም የመጀመሪያ ሙከራዬን ያበላሸሁት በዚሁ ስሕተት ነበር። 15 ኪሎ ያህል አሮጌ መጽሐፍና ጋዜጣ በተማሪ ቦርሳ ጠቅጥቄ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት ወጣሁ፤ ቁልቁል ስመለስ በየመቶ ሜትሩ ጉልበቴን እየያዝኩ እቆም ነበር፤ ቦርሳውም ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ወር ከአልጋ ሥር ተኛ። ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርኩት በ6 ኪሎ ክብደት ሲሆን መነሻዬም ስድስት ኪሎ አደባባይ ነበር። የስሙ መገጣጠም በየማለዳው ፈገግ ያሰኘኝ ስለነበር ይሆናል መንገዱን የወደድኩት። ይህ መመሪያ በአብዛኛው ከዚያ ከሁለተኛው ሙከራ የተገኘ ነው፤ የሚያተኩረውም የመጀመሪያው ጉጉት ከበረደ በኋላ ጉዞው እንዳይቋረጥ አስቀድሞ ምን ምን ማሰናዳት እንደሚያስፈልግ ነው።

ክብደቱና ቦርሳው

ለመነሻ የሰውነት ክብደትዎን አንድ አሥረኛ መያዝ ይበቃል፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ከእንቅስቃሴ ርቆ የቆየ ሰው ከዚያም አሳንሶ በ3 ወይም በ4 ኪሎ ቢጀምር ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። የወገብ ወይም የልብ ሕመም፣ በመድኃኒት ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት ቦርሳውን ከማንሳታቸው በፊት ሐኪም ማማከር ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ክብደቱን፣ ርቀቱንና ዳገቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ አብሮ መጨመር አይገባም፤ አንዱ ሲጨምር ሁለቱ ባሉበት ይቆያሉ። ክብደት የሚጨምሩ ከሆነም በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ ባይበልጥ፣ በአዲሱ ክብደትም ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቆየት ይሻላል፤ ምክንያቱም ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲበረቱ ጅማትና አጥንት ግን ሸክሙን የሚለምዱት ከዚያ በዘገየ ፍጥነት ነው። ሰውዬው «በርትቻለሁ» ብሎ ሲያስብ እግሩ ገና አልደረሰበትም።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሌሎችን ልክ ማየት ይጠቅማል። በኔዘርላንድ ኒሜኸን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1909 በተጀመረው የአራት ቀን የእግር ጉዞ፣ የደንብ ልብስ ለብሰው የሚሳተፉ ወታደሮች በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዙት 10 ኪሎ ያህል አዝለው ነው። መሸከም ሥራቸው የሆነ ሰዎች በ10 ኪሎ ከተፈተኑ፣ ቀኑን ወንበር ላይ የሚውል የቢሮ ሠራተኛ በሁለተኛው ሳምንት 20 ኪሎ የሚጭንበት ምክንያት አይታየኝም። ለጤና ብሎ የሚራመድ ሰው ከሰውነቱ ክብደት አንድ አምስተኛ ሳያልፍ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ለክብደት ልዩ ብረት መግዛት አያስፈልግም። አሸዋ በሁለት ፌስታል ደራርቦ በትንሽ ማዳበሪያ ማሰርና በአሮጌ ፎጣ መጠቅለል ይበቃል፤ ሚዛን ቤት ውስጥ ከሌለ የሰፈር ባለሱቅ ይመዝንልዎታል፤ ስለ አሸዋው መጠየቅዎ ግን አይቀርም። ከአሸዋው ይልቅ እኔ የምመርጠው በውሃ የተሞላ ሃይላንድ ነው፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን ቁጥሩን ለማወቅ አያስቸግርም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዳገቱን ከጨረሱ በኋላ ሊደፉት ይችላሉ። ሸክም ልብንና ሳንባን የሚያሠራው ሽቅብ ሲወጣ ሲሆን ጉልበትን የሚጎዳው ግን ቁልቁል ሲወረድ ነው፤ ስለዚህ ጫፍ ላይ ከ6 ሃይላንድ 4ቱን ለመንገድ ዳር ችግኝ አጠጥቶ ባዶ ፕላስቲኩን ይዞ መውረድ ጥቅሙን ሳያስቀር ጉዳቱን ይቀንሳል። በመጀመሪያው ሙከራዬ መጽሐፎቹን እንጦጦ ላይ ማፍሰስ አልቻልኩም ነበር፤ ውሃ ግን ይደፋል።

ክብደቱ ከቦርሳው ሥር ተንጠልጥሎ መቀመጫን እየመታ እንዳይሄድ ከታች ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አጥፎ ማስቀመጥ፣ ከባዱን ነገር ከላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ ለጀርባ በጣም ቀርቦ እንዲቀመጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ማንገቻዎቹ ሰፊና ስፖንጅ ያላቸው ቢሆኑ፣ ከ8 ኪሎ በላይ ሲሆን ደግሞ ክብደቱን ወደ ዳሌ የሚያወርድ የወገብ ቀበቶ ቢኖር ይመረጣል። ጣቶችዎ መደንዘዝ ከጀመሩ ማንገቻው በትከሻ በኩል የሚያልፉትን ነርቮች እየተጫነ ነው፤ ወዲያው አውርደው ያላሉት እንጂ «ይለምደዋል» ብለው አይቀጥሉ። ጫማው ከወትሮው ጥቂት ሰፋ ቢል ጥሩ ነው፤ እግር በሸክም ስለሚሰፋና ቁልቁለት ላይ ጣቶች ወደፊት ስለሚገፉ ጥፍርን አሳጥሮ መቁረጥም የግድ ነው። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቆይ እግር ውሃ እንዲቋጥር ያደርጋል።

ዳገት፣ አየርና እርምጃ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን እንጦጦ 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ያደገ ሰው ይህን እምብዛም አያስተውለውም፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ግን በነጋታው ቦርሳ አሸክመው ቢያወጡት ሊታመም ይችላል፤ ጥቂት ቀናት በሜዳው ላይ ያለ ሸክም ይለማመድ። ፍጥነትን ለመለካት ሰዓት አያስፈልግም፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጡ መናገር ከቻሉ እርምጃዎ ትክክል ነው፤ ካልቻሉ ደግሞ መቀነስ ያለበት ፍጥነቱ ነው፤ ያም ካልረዳ ክብደቱ ይቀነስ።

ስለ እርምጃ ከማንም በላይ የተማርኩት ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል አዝለው ከሚወርዱት እናቶች ነው። እርምጃቸው አጭርና የማይቸኩል ነው፤ ሲያርፉም ሸክሙን መሬት አያወርዱትም፤ ከወገባቸው ከፍ ያለ ድንጋይ ወይም የመንገድ ጠርዝ ፈልገው ያስደግፉታል፤ ምክንያቱም ብዙ ጉልበት የሚያስወጣው መሸከሙ ሳይሆን ከመሬት ማንሳቱ ነው። እኛ በምርጫ የምንሸከመውን እነሱ ለዕለት ጉርስ፣ ከእኛ በብዙ እጥፍ አድርገው የሚሸከሙት ስለሆነ፣ ስለ «ጽናት» ለማውራት የእነሱን ፎቶ ማንሳት ደስ አይለኝም። መንገድ ለቆ ማሳለፍና «አይዞን እናቴ» ማለት ግን የአካሄድ ሥርዓት ነው።

ጫካ ውስጥ የሚያልፉ ጭር ያሉ መንገዶችን ለብቻ አለመሄድ፣ ጎሕ ሳይቀድ አለመውጣትም ያስፈልጋል። እንጦጦ ሌሊቱን ጅብ የሚዞርበት ስፍራ ነው፤ ማለዳም ቢሆን ከጅቡ ይልቅ የሚያስቸግሩት ውሾች ናቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መንገዱ በስፖርተኛና በቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ ይሞላል፤ ያን ጊዜ መነሳት ይበቃል።

ወኔ ሲጠፋ

በሁለተኛው ወር አካባቢ ቦርሳው ይሰለቻል። አዲስነቱ አልቋል፤ የሰውነት ለውጡም ገና በመስተዋት አይታይም፤ መኝታውም ይሞቃል። በዚህ ጊዜ ራስን በምክር ለማነሣሣት መሞከር ብዙም አይሠራም፤ የሚሠራው ለማለዳ የሚተው ውሳኔ እንዳይኖር ማድረግ ነው። ቦርሳው ማታውኑ ተመዝኖና ታስሮ በር አጠገብ ይደር፤ ካልሲው በጫማው ውስጥ ይግባ፤ መንገዱም የታወቀ ይሁን። እንቅልፍ ያልለቀቀው ሰው «ስንት ኪሎ? በየት በኩል?» የሚል ጥያቄ ከቀረበለት መልሱ ብርድ ልብሱን መሳብ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ውል ከራስዎ ጋር ይግቡ፦ 10 ደቂቃ ከተራመዱ በኋላ አሁንም ካልፈለጉ ያለ ጸጸት ይመለሱ። በእኔ ደብተር ላይ በዚህ ውል የተመለስኩባቸው ቀናት በጣም ጥቂት ናቸው፤ የተመለስኩባቸውም ጊዜያት አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ሊይዘኝ ሲል ነበር። ደብተሩም ራሱ ይጠቅማል፤ ቀኑን፣ ኪሎውን፣ ደቂቃውንና ስለ ስሜቱ አንድ ቃል ብቻ መጻፍ በቂ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ገልጠው ሲያዩት «ከበደኝ» የተባለው 6 ኪሎ አሁን ለገበያ የሚያዙት ዘንቢል ያህል ሆኖ ያገኙታል፤ ሚዛን ላይ ቆሞ የራስን ክብደት ከመቁጠር ይልቅ ይህ መለኪያ ታማኝ ነው፤ ውሃ በጠጡ ቁጥር አይዋዥቅምና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። እኛ አራት ሆነን የምንሄድ ሰዎች ከዕድር የተዋስነው ሥርዓት አለን፤ ሳያሳውቅ የቀረ ሰው 50 ብር ይቀጣል፤ ሐዘን፣ ሕመምና የሥራ ጉዞ ከቅጣት ነፃ ናቸው፤ የተጠራቀመው ገንዘብ በወሩ መጨረሻ ቁርስ ይገዛል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዎች በብርድ ቆመው እንደሚጠብቁ ማወቅ ከማንኛውም ምክር በላይ ከአልጋ ያስነሳል። አቅማቸው የተለያየ ሰዎች አብረው ሲሄዱ ደግሞ ፍጥነቱን ሳይሆን ክብደቱን መለያየት ይሻላል፤ ጠንካራው 10 ኪሎ፣ ጀማሪው 4 ኪሎ ይዘው ጎን ለጎን መሄድና መጨዋወት ይችላሉ።

ክረምትና ጾም ለየብቻ ማሰብ የሚጠይቁ ወቅቶች ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ የእንጦጦ መንገድ ጭቃ ስለሚሆንና ሸክም ይዞ መንሸራተት ያለ ሸክም ከመንሸራተት የከፋ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ አስፋልት ላይ፣ ካስፈለገም በሕንፃ ደረጃ ላይ መውጣት ይቻላል። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ጾም ውሎ የሚራመድ ሰው ክብደቱን በግማሽ ቀንሶ ሰዓቱን ወደ መብያው ቢያስጠጋ ጉዞውን ሳያቋርጥ ወቅቱን ያልፋል። ግማሽ ክብደት መያዝ እንደ ሽንፈት የሚቆጠር አይደለም፤ የልማዱ ሰንሰለት የሚበጠሰው ቦርሳው ሲቀል ሳይሆን በር አጠገብ የነበረው ቦርሳ ወደ ቁም ሳጥን ሲገባ ነው።

ሕመሙ ምን እያለ ነው

መጽናት ማለት እያነከሱ መቀጠል እንዳልሆነ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ኒሜኸንን ያነሣሁት ለዚህም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በመጀመሪያው ቀን በተከሰተው ብርቱ ሙቀት ሁለት ተጓዦች ሲሞቱ አዘጋጆቹ የቀሩትን ሦስት ቀናት ሙሉ በሙሉ ሰርዘዋል።

በባት፣ በጭንና በትከሻ ላይ በሰፊው ተሰራጭቶ በማግስቱ የሚሰማና በሁለት ቀን የሚጠፋ ድካም የጡንቻ ድካም ነው፤ ያስደስታል እንጂ አያስፈራም። በአንድ ነጥብ ላይ፣ በጣት ሲነኩት «እዚህ ነው» ብለው የሚያሳዩት የቅልጥም ወይም የእግር አጥንት ሕመም ግን የአጥንት መሰንጠቅ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል ቦርሳውን አስቀምጦ መታየት ያሻል። ከወገብ ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርድ መጠዝጠዝ፣ የደረት መጫን፣ የዓይን ብዥታም እንዲሁ ለነገ የማይባሉ ናቸው። በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ አለመሸከምና በመካከል ቢያንስ አንድ ቀን ማሳረፍ ጉዳትን አስቀድሞ ለመከላከል ይረዳል፤ ባረፉበት ቀን ያለ ቦርሳ መራመድ ይፈቀዳል።

ከመቋረጥ በኋላ መመለስ የራሱ ልክ አለው። እኔ የምከተለው፣ ሁለት ሳምንት ካቋረጥኩ በግማሽ ክብደት፣ ከወር በላይ ካቋረጥኩ ደግሞ እንደ ጀማሪ በመጀመሪያው ክብደትና በሜዳ መንገድ መጀመር ነው። ባለፈው ክረምት በሥራ ምክንያት አምስት ሳምንት ያህል ቦርሳውን ሳልነካው ቆየሁ፤ ከዚያ በፊት 11 ኪሎ ይዤ ነበር። መስከረም ሲጠባ ከሃይላንዶቹ አምስቱን አውጥቼ በ6 ኪሎ፣ ከዚያው ከስድስት ኪሎ ተነሣሁ፤ ሽሮ ሜዳ ስደርስ ወደ ዳገቱ ሳልታጠፍ ተመለስኩ። ወደ 11 ኪሎ የተመለስኩት ኅዳር ሲያልቅ ነው።