ቴርሞዳይናሚክስን ከመሠረቱ ለመያዝ

ቴርሞዳይናሚክስን፣ ማለትም የሙቀትና የሥራ ልውውጥ ጥናትን፣ የሚጀምር የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ቀመር ከመሸምደዱ በፊት የሚያጠናውን ሥርዓት (ለምርመራ የተመረጠውን ቁስ ወይም ቦታ) ለይቶ ወሰኑን በእርሳስ ማስመር አለበት፤ በወሰኑ በኩል ሙቀት፣ ሥራ ወይም ቁስ ማለፍ አለማለፉን ሳያውቁ የመጀመሪያውን ሕግ፣ ማለትም ኃይል አይፈጠርም አይጠፋም የሚለውን፣ መጻፍ ከንቱ ድካም ነው።

ደሴ ውስጥ ከሰል ላይ የተጣደች ጀበናን እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል፤ ውሃ በየግፊቱ የሚፈላበትን የሙቀት መጠን የሚዘረዝረውን የእንፋሎት ሠንጠረዥ በዚህ ግፊት ስናነብ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መሆኑን እናገኛለን። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ 300 ኪሎ ጁል ያህል ሲበቃው፣ የፈላው ውሃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት እስኪሆን ግን 2,278 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም። ሙቀትና የሙቀት መጠን አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ተማሪው ስሌቱን በገዛ እጁ እንዲሠራው አጥብቄ እመክራለሁ።

ሠንጠረዡ የሚጠቀመው ፍጹም ግፊትን (ከባዶ ሕዋ ጀምሮ የሚቆጠረውን) በመሆኑ፣ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ በሚያሳየው መለኪያ፣ በጌጅ፣ በተነበበው ቁጥር ላይ የአካባቢው የአየር ግፊት ይደመራል፤ ደሴ ላይ ሆኖ የባሕር ወለሉን 101 ኪሎ ፓስካል መደመር ስህተት ነው። በጋዝ ስሌት ደግሞ የሙቀት መጠኑ ከፍጹም ዜሮ በሚቆጠረው በኬልቪን ይሁን።

ስኒ ውስጥ የቀዘቀዘ ቡና በራሱ ተመልሶ የማይሞቅበትን ምክንያት የሚነግረን ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ነው፤ ሙቀት በራሱ ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ እንጂ በተቃራኒው አይሄድም ይላል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ካርኖ የሞተርን የብቃት ጣሪያ ባሳየበት ስሌት መሠረት በ600 እና በ300 ኬልቪን መካከል የሚሠራ ሞተር፣ ምንም ያህል ቢሻሻል፣ ከተቀበለው ሙቀት ከ50 በመቶ በላይ ወደ ሥራ ሊለውጥ አይችልም።