ከተጣለ ፕሪንተር የሲኤንሲ ማሽን እንዴት እንደሚሰራ

አዳማ ውስጥ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰው ዕቃ ሊሸጥ ይወጣል። እኔ ልገዛ እወጣለሁ። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ላይ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ይሉ ነበር። አሁን የተበላሸ ፕሪንተር ሲያገኙ ራሳቸው ተሸክመው ያመጡልኛል።

ሲኤንሲ ማለት መቁረጫውን ሰው በእጁ ሳይሆን ኮምፒውተር በቁጥር የሚያንቀሳቅሰው ማሽን ነው። እዚህ የምነግራችሁ ትንሹን ነው። 25 በ 18 ሴንቲ የሚሆን ቦታ ላይ ኤምዲኤፍና ለስላሳ እንጨት ይቀርጻል። ብረት አይሞክርም። ሁለት ጊዜ ሰርቼዋለሁ። የመጀመሪያው ስድስት ወር ፈጅቶ አንድ ቀጥ ያለ መስመር እንኳ ሳያሰምር ፈረሰ። የምጽፈው በአብዛኛው ስለዚያኛው ነው።

ዕቃ ፍለጋ

ፕሪንተር ባረጀ ቁጥር ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ይሻላል። ጫጫታው የሚያደነቁር የድሮ ዶት ማትሪክስ፣ ትልቅ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ጠፍጣፋ ስካነር፤ እነዚህን ካገኛችሁ አትለፏቸው። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፤ ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር) እና የሚያብረቀርቀው ክብ የብረት ዘንግ። አዲሶቹ የቀለም ፕሪንተሮች ግን ያታልላሉ። የብዙዎቹ የቀለም ጋሪ የሚሄደው በተራ ዲሲ ሞተር ነው። ሽቦውን ቁጠሩ። ሁለት ብቻ ከሆነ ዲሲ ነው፤ አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ከሆነ ስቴፐር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዘንጉን በጣት ስታዞሩትም ስቴፐር ቆጠብ፣ ቆጠብ እያለ ነው የሚዞረው።

ቆራሌ በኪሎ ነው የሚሸጥላችሁ። «ሞተሯን ብቻ ፈትቼ ልውሰድ» ካላችሁት ነገሩ እንደገባችሁ ይነቃና ዋጋው ይሰቀላል። ሙሉውን ውሰዱ። ዘንጉ ላይ የሚንሸራተተውን ጋሪም አትጣሉት። የፕሪንተር ዘንግ ውፍረቱ ሁልጊዜ ድፍን ቁጥር ስላልሆነ ልክክ የሚልለት ጋሪው ውስጥ ያለው የራሱ ቡሽ (ዘንጉ የሚያልፍበት ቀለበት) ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ጋሪዎች ጥዬ ለዘንጉ የሚሆን ኩሽኔታ ፍለጋ ከተማውን በባጃጅ ዞሬያለሁ። አልተገኘም።

አዲስ የሚገዛው አርዱዊኖ ኡኖ (የማሽኑ አእምሮ የሆነ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ላዩ ላይ የሚሰካው የሲኤንሲ ሺልድ፣ ሦስት ኤ4988 ድራይቨር (እያንዳንዱ አንድ ስቴፐር የሚነዳ)፣ እንዲሁም መቁረጫውን የሚያሽከረክር 775 የሚባለው ዲሲ ሞተር ከነቢት መያዣው ነው። ትራፓኖን መቁረጫ ለማድረግ አትሞክሩ። ትራፓኖ የተሰራው ወደ ታች ለመጫን እንጂ ወደ ጎን ለመገፋት አይደለም፤ ጥቂት ሰርቶ መወላወል ይጀምራል። ኃይሉን ከአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ታገኛላችሁ። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ስታገናኙት ይነሳል፤ ቢጫው 12 ቮልት ነው። ሳጥኑን ግን አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ኃይል ይዞ ይቆያል።

ሽቦዎቹን ማጣመር

አራት ሽቦ ያለው ስቴፐር ውስጡ ሁለት ጥቅልል አለ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሆነ ለማወቅ በቴስተር ለኩ፤ የሚገናኙት ሁለቱ አንድ ጥንድ ናቸው። ቴስተር ከሌለ ሁለት ሽቦ አገናኝታችሁ ዘንጉን በእጅ አዙሩት። ጠንከር ካለ ጥንዱን አገኛችሁ። ስድስት ሽቦ ካለው ከእያንዳንዱ ጥቅልል የመሃሉን ሽቦ ትታችሁ ዳርና ዳሩን ተጠቀሙ። መሃለኛው ወደ ሁለቱም ዳር ሲለካ ከዳር እስከ ዳር ያለውን ኦም ግማሹን የሚያሳየው ነው። አምስት ሽቦ ያለውን ለሌላ ቀን አስቀምጡት።

ፍሬሙ፤ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ቦታ

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ሰው ገንዘቡንና ጭንቀቱን የሚያፈሰው ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ነው። ማሽኑን ማሽን የሚያደርገው ግን ጋሪው የሚሄድባቸው ሁለቱ ዘንጎች ትይዩ መሆናቸው ነው።

የመጀመሪያውን ስሰራ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ቆረጥኩ፤ በማስመሪያ ለካሁ፣ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፣ በእጅ ትራፓኖ በሳሁ። ለዓይን ያምራል። ጋሪው መሃል ላይ ጥሩ ይሄዳል፤ ዳር ሲደርስ ይነክሳል። ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የሞተሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ሞተር ቀየርኩ። የድራይቨሩን አምፔር ጨመርኩ። ሞተሩ እጅ የሚያቃጥል ሆነ፤ ጋሪው ግን እዚያው ነው።

በመጨረሻ ዕቃውን እንዳለ ተሸክሜ አንድ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ቤቱን የሚሰሩበት አባት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ አዩትና «ልጄ፣ እስቲ ሞተሩን ንቀልና በእጅህ ግፋው» አሉኝ። ገፋሁት። ዳር ላይ ቆመ። «አንተ ያልቻልከውን እሱ ከየት አምጥቶ ይችላል?» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሲለካ በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት አንደኛው ጫፍ ላይ ከሌላኛው በሁለት ሚሊ ይበልጣል።

መፍትሔው ይሄ ነው። ዘንጎቹን በሁለቱም ጫፍ የሚይዙትን ሁለት እንጨቶች ለየብቻ አትብሱ። ደርባችሁ በሞርሳ አጥብቃችሁ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ብሱ። ያኔ ልኬታችሁ ቢሳሳት እንኳ ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚሳሳት ዘንጎቹ ትይዩ ይሆናሉ። የእጅ ትራፓኖ ያዘነብላል። ቋሚ ትራፓኖ ያለው አናጺ ወይም ብየዳ ቤት ፈልጉና ለአራት ቀዳዳ የሻይ ከፍላችሁ አስበሱ።

ከዚያ አንደኛውን ዘንግ ጥርቅም አድርጋችሁ እሰሩ። የሁለተኛውን ቀዳዳ በትንሹ ሰፋ አድርጉትና ዘንጉን ሳታጠብቁት ተዉት። ጋሪውን አስገቡ። ጋሪውን ወደ አንዱ ጫፍ ግፉትና የዚያን ጫፍ አጥብቁ። ወደ ሌላው ጫፍ ወስዳችሁ ያንን ደግሞ አጥብቁ። ዘንጉ ቦታውን እንዲያገኝ ያደረገው ጋሪው ነው፤ ማስመሪያ አላስፈለገም። አሁን ፍሬሙን በአንድ ወገን ቀና አድርጉት። ጋሪው በራሱ ክብደት ከዳር እስከ ዳር መንሸራተት አለበት። ካልተንሸራተተ ፈታችሁ ድገሙት። ይሄ ሳይሆን ሞተር የሚባል ነገር አታንሱ።

ኤክስ (ግራና ቀኝ የሚሄደው) እና ዋይ (ፊትና ኋላ የሚሄደው) ካሬ መሆናቸውን በ 15፣ 20 እና 25 ሴንቲ ታረጋግጣላችሁ። ከማዕዘኑ በአንዱ 15፣ በሌላው 20 ለክታችሁ ምልክት ስታደርጉ በምልክቶቹ መካከል ድፍን 25 መምጣት አለበት። ሥራው የሚታሰርበት አልጋ እንዲንቀሳቀስና መቁረጫውን የሚሸከመው ድልድይ እንዲቆም አድርጉ፤ ለጀማሪ ይሄ ይቀላል። ዜድ (መቁረጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚወስደው) እንደሌሎቹ ነው፣ አጭር ከመሆኑ በቀር። የዲቪዲ ማጫወቻ ሞተር ግን ለዜድ እንዳታስቡ፤ እስክሪብቶ ትሸከም ይሆናል፣ 775ን አትችልም።

የሚገፋው ብረት

ዳር እስከ ዳር ጥርስ የወጣለት ባለ 8 ሚሊ ብረት ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ መስታወት ላይ አንከባሉት። እየዘለለ ከሄደ ጎብጧል፤ ሌላ አምጣ በሉት። ሻጩ ቢቆጣም ችግር የለውም። 608 ቁጥር ኩሽኔታ ቀዳዳው 8 ሚሊ ስለሆነ ይገጥመዋል። ከኩሽኔታው ግራና ቀኝ ዳዶ አጥብቁ፣ ግፊቱን ሞተሩ ሳይሆን ኩሽኔታው እንዲሸከም። ከሞተሩ ጋር የማገናኘው በሞተር ሳይክል የቤንዚን ጎማና በሁለት ፋሸታ ነው። የሚያምር ነገር አይደለም፣ ግን ትንሽ መጣመምን ይቅር ይላል።

ጋሪው ላይ ያለውን ዳዶ ደግሞ ድርቅ አድርጋችሁ አትበይዱት። እንዳይዞር ብቻ ያዙት፤ ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽ ይወዛወዝ።

ኤሌክትሮኒክሱ

ግርብል የተባለውን፣ ትዕዛዝ ተቀብሎ ሞተሮቹን የሚያንቀሳቅስ ነፃ ሶፍትዌር አርዱዊኖው ላይ ትጭናላችሁ፣ ሺልዱን ትሰካላችሁ፣ ድራይቨሮቹን ታስቀምጣላችሁ። ድራይቨሩ ሲገለበጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ትንሿን ብሎን አይታችሁ ሳይሆን ጠርዙ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ከሺልዱ ጽሑፍ ጋር አመሳስሉ። ከሥሩ ካሉት ሦስት የጃምፐር (ሁለት እግር የሚያገናኝ ትንሽ መሰኪያ) ቦታዎች የመሃለኛው ላይ ብቻ አድርጉ፤ አንዱን እርምጃ ለአራት ይከፍለዋል።

አምፔሩን በትንሿ ብሎን ነው የምታስተካክሉት። ድራይቨሩ ላይ ካሉት ጥቃቅን ጥቁር ሬዚስተሮች «አር100» የሚል ካያችሁ ብሎኗ ላይ የምትለኩት ቮልት የአምፔሩ 0.8 እጥፍ ነው። ምንነቱ ለማይታወቅ የፕሪንተር ሞተር ከ 0.4 ቮልት ጀምሩ፤ ግማሽ አምፔር ማለት ነው። ሞተሩ ይሞቃል፣ ያ ጤነኛ ነው። ጣት ማሳረፍ ካቃታችሁ ግን ቀንሱ።

አንድ ነገር በቀይ ብዕር ጻፉልኝ፤ ኃይል እያለ የሞተር ሽቦ አይነቀልም። እኔ ያኔ ሞተር ስቀያይር «ለአንድ ሰከንድ ነው» ብዬ ነቀልኩ። ድራይቨሩ ጧ አለ፣ ሽታው መጣ። ሁለተኛውንም በዚያው መንገድ አጣሁት። ሦስተኛውን ያቃጠልኩት ገልብጬ ሰክቼ ነው፣ እሱን እንኳ ለማንም አልተናገርኩም።

ቁጥሩን መንገር

አብዛኛው ስቴፐር ለአንድ ዙር 200 እርምጃ ይሄዳል። ለአራት ስለከፈልነው 800 ሆነ። ብረታችን በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ይገፋል። 800 ሲካፈል ለ 1.25፣ 640 ነው። በዩኒቨርሳል ጂኮድ ሴንደር (ከላፕቶፑ ወደ ግርብል ትዕዛዝ የሚልክ ሶፍትዌር) ገብታችሁ $100፣ $101 እና $102 ላይ 640 ጻፉ። የዶላር ምልክቱ አያስደንግጣችሁ፤ የግርብል ቅንብር ሁሉ በእሱ ይጀምራል። የሞተራችሁ መለያ ከ 1.8 ዲግሪ ሌላ ቁጥር ካለው ግን 360ን ለእሱ አካፍላችሁ ከ 200 ቦታ ተጠቀሙበት።

ከዚያ 100 ሚሊ ሂድ በሉትና ለኩ። 97 ቢመጣ ብዙ ሰው ወዲያው ቁጥሩን ያስተካክላል። ተሳስቷል። ጥርሱ 1.25 ነው፣ ሒሳቡም ትክክል ነው። የጎደለው ሦስት ሚሊ የሆነ ቦታ ተንሸራቷል። ጎማውን፣ ፋሸታውን፣ የጋሪውን ንክሻ እዩ። ፍጥነቱን በደቂቃ 300 ሚሊ ላይ አድርጉና እንደገና ለኩ።

ንፋስና መብራት

የአዳማን ንፋስ የማያውቅ የለም። አቧራው በተዘጋ በር ይገባል። ዘንግ ላይ ግሪስ ከቀባችሁ አቧራው ይጣበቅበትና የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። በጨርቅ ጥረጉ፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጉ፣ በቃ። ኤምዲኤፍ ስትቆርጡ ማስክና መነጽር አድርጉ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ወጥመድ አለ። ሞተሮቹ ይቆማሉ፤ አርዱዊኖው ግን ከላፕቶፑ ባትሪ ስለሚጠጣ እየሄድኩ ነው ብሎ መቁጠሩን ይቀጥላል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ያለበትን ቦታ ስቶ ከመሃል ይጀምርና ሥራውን ያርሰዋል። መብራት እንደሄደ ላፕቶፑ ላይ አቁሙት። ሁልጊዜ ከመጀመራችሁ በፊት ዜሮውን እንጨቱ ላይ በትንሽ ቀዳዳ ምልክት አድርጉ፤ ወደዚያ ተመልሳችሁ ከሀ ትጀምራላችሁ።

የመጀመሪያው ሥራ

ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ሶፍትዌር ላይ ጽሑፉን ወደ መስመር ቀይራችሁ ጂኮድ (ማሽኑ የሚያነበው የእንቅስቃሴ ትዕዛዝ) አውጡ። በአንድ ዙር ከ 1 ሚሊ በላይ አትጥለቁ። ለፊደላችን ወፍራም ፎንት ምረጡ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ቢትም ተጠቀሙ። የእኔ የመጀመሪያ ትዕዛዝ ከአክስቴ ነበር፤ «ቡና አለ» የሚል ሰሌዳ። በ 3 ሚሊ ቢት ስቀርጸው የ«ቡ» ጎን ላይ ያለችው ጭረት ተውጣ «በና አለ» ሆነ። በሹል ቢት ሌላ እንጨት ላይ ጀመርኩ። «ለ» ላይ ስደርስ መብራት ሄደ። ወጥመዱን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ መብራቱ ሲመጣ «ለ»ን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው።

ሰሌዳውን ገልብጬ በጀርባው ደግሜ ቀረጽኩት። ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አክስቴ ግን የተሰነጠቀውን ወደ ውጭ አድርጋ ነው የሰቀለችው፣ «ይሄኛው ጠለቅ ብሎ ይታያል» ብላ።