ከወርክሃውስ ወደ ካናዳ የተላከችን ልጅ ዱካ ለሚፈልጉ

የባለቤቴ ቅድመ አያት ትተው ያለፉት አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። ክዳኑ ላይ ስማቸው በጥቁር ቀለም ተጽፏል፤ መያዣ ገመዱ አልቆ በሽቦ ተተክቷል። ቤተሰቡ የሚያውቀው «ከእንግሊዝ ወላጅ አልባ ሆነው መጡ» የሚለውን ብቻ ነበር። ይህን ቃል እንደ ወረደ አትቀበሉ። እኔ አምኜው ሁለት ዓመት አባከንኩ። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ወርክሃውስ ከሚባለው፣ ድሆች በጉልበታቸው እየሠሩ ከሚጠለሉበት ቤት፣ እንዲሁም ከበጎ አድራጎት ቤቶች ልጆች ወደ ካናዳ ተልከው በሰው ቤት ያገለግሉ ነበር።

ፍለጋውን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ጀምሩ። የጋብቻ መዝገቡን ካገኛችሁ በኋላ ወደ 1901ዱ (እ.ኤ.አ.) የካናዳ ሕዝብ ቆጠራ ሂዱ፤ ወደ አገሪቱ የገቡበት ዓመት እዚያ ተጠይቋል። ልጅቷ በሌላ ሰው ቤት «አገልጋይ» ተብላ፣ ከባለቤቶቹ ልጆች ግርጌ ተጽፋ ልታገኟት ትችላላችሁ። ዕድሜዋ በአንድ ሁለት ዓመት ቢዛነፍ አትደንግጡ።

ቀጥሎ የካናዳ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ያዘጋጀውን የመንገደኞች ዝርዝር በነፃ ፈልጉ። ስሙ ካልመጣ ፊደሉን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ልጆቹ የሚጓዙት በቡድን ስለነበር መድረሻቸው የላካቸውን ሰው ወይም ድርጅት ይጠቁማል፦ ናያጋራ ኦን ዘ ሌክ ከሆነ ከ1869 ጀምሮ ልጃገረዶችን የወሰዱት ማሪያ ራይ፣ ቤልቪል ከሆነ አኒ ማክፈርሰን፣ ፒተርቦሮ ከሆነ የባርናርዶ ድርጅት ይሆናሉ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ በእርግጥ ከወርክሃውስ ነው የመጣችው? ወርክሃውስን የሚያስተዳድረው የአካባቢው የሞግዚቶች ቦርድ ነበር። አንድሩ ዶይል የተባሉ የመንግሥት መርማሪ ካናዳ ሄደው ልጆቹ በቂ ክትትል እንደማይደረግላቸው በ1875 ካጋለጡ በኋላ የወርክሃውስ ልጆችን መላክ ታግዶ እስከ 1883 ቆየ። ልጅቷ በዚያ መካከል ከደረሰች መጀመሪያ የበጎ አድራጎት ቤቶችን መዝገብ እዩ።

በሌላው ጊዜ ግን የቦርዱን ቃለ ጉባኤ በእንግሊዝ በየአውራጃው ቤተ መዛግብት ጠይቁ። በ1850ው ሕግ መሠረት ልጅቷ ዳኞች ፊት ቀርባ «እሺ» ማለት ነበረባት። የእኛን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እኔ «እሳቸው» የምላቸው ሴት የዚያን ዕለት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ካናዳ የት እንደሆነች ማን አስረድቷቸው ይሆን?

ወደ ወርክሃውሱ የገቡና ከዚያ የወጡ ሰዎች መዝገብ ላይ ስትደርሱ ልጅቷ በወጣችበት ቀን አታቁሙ። በቤተሰቡ ስም ወደፊትም ገልጣችሁ አንብቡ። እኔ ከአራት ዓመት በኋላ ያለውን ገጽ ስገልጥ እናትየዋን አገኘኋት፤ ልብስ አጣቢ ነበረች፣ ታማ ተመልሳለች። ስለ ልጆቿ ስትጠየቅ የሰጠችው መልስም በጸሐፊው እጅ ሰፍሯል፦ «አንዲት፣ ካናዳ»።